ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ

ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን በሆነው በዱራ እና ከሥሩ ባለው ስስ ሽፋን በአራክኖይድ መካከል ቀስ በቀስ የሚጠራቀም አሮጌ ደም ነው። በብዛት የሚታየው በአረጋውያን ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ጭንቅላት ላይ የደረሰ ቀላል ምት ነው። ምልክቶቹ ከሳምንታት በኋላ ስለሚታዩ ያን ጊዜ ምቱ ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

አመጣጥ

ዕድሜ ሲገፋ አንጎል መጠኑ ይቀንሳል። ከአንጎል ወደ ዱራ የሚሻገሩት ደም መላሽ ሥሮችም ስለሚወጠሩ በትንሽ ግጭት ሊበጠሱ ይችላሉ። አልኮል ማዘውተርና ደም አቅጣኝ መድኃኒት መውሰድ አደጋውን ይጨምራሉ።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርቾ እ.ኤ.አ. በ1857 በሽታውን የዱራ ብግነት ነው ብለው ገልጸውት ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዊልፍሬድ ትሮተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 መነሻው ጉዳት መሆኑን አመለከቱ። ዛሬ ሁለቱም ሐሳቦች አንድ ላይ ይታያሉ፤ ጉዳቱ ይጀምረዋል፣ ብግነቱ ያሳድገዋል።

የብግነትና የግሮውዝ ፋክተሮች ሚና

የፈሰሰው ደም የዱራን ውስጠኛ ሕዋሳት ያስቆጣል። ሕዋሳቱ ተራብተው ክምችቱን የሚከብ ሽፋን ይሠራሉ፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም ወደዚያው ይሰበሰባሉ። ኢንተርሊውኪን-6 እና ኢንተርሊውኪን-8 የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞች በክምችቱ ውስጥ ይበዛሉ።

ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉት እድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ቪኢጂኤፍ፣ በሽፋኑ ላይ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ። የቪኢጂኤፍ መጠን በክምችቱ ፈሳሽ ውስጥ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። አዲሶቹ ሥሮች ግድግዳቸው ስላልጠነከረ ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ። ከዚህም ሌላ የረጋ ደም የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮች ስለሚበዙ መድማቱ በቀላሉ አይቆምም። አዲሱ ደም እንደገና ብግነት ይቀሰቅሳል፤ ዑደቱም ይቀጥላል።

ምልክቶችና ሕክምና

ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ግራ መጋባት፣ ሲራመዱ መንገዳገድና የአንድ ጎን መዛል ዋና ምልክቶች ናቸው። ምርመራው በሲቲ ስካን ይረጋገጣል። የተለመደው ሕክምና የራስ ቅልን በትንሹ በስቶ ደሙን ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማፍሰሻ ቱቦ መተው የክምችቱን መመለስ ከ24 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ብግነትን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ድጋሚ ቀዶ ሕክምናን ቢቀንስም፣ ከስድስት ወር በኋላ የሕመምተኞቹ ማገገም መድኃኒቱን ካልወሰዱት ያነሰ ነበር። ዱራን የሚመግበውን የደም ሥር ከውስጥ መድፈን በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ ዘዴ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ተጀመረ። ከዋና ከተማዋ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ደሴ፣ እንዲሁም በሐረጎ ቁልቁለት ከእርሷ ጋር በምትገናኘው ኮምቦልቻ፣ በሽታውን ቀድሞ መጠርጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ደጃፍ ላይ ተንሸራተው የወደቁ አረጋዊ ከሳምንታት በኋላ ቢረሱ ወይም ቢንገዳገዱ፣ ነገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በጊዜ ከታከመ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ጤናቸው ይመለሳሉ።