ያልተንከባለለችው ቤተክርስቲያን

እስኪ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ድንጋይ ጠንካራ ነው? “ምን ጥያቄ አለው!” እንዳትሉን። ዓለት ሲጫኑት ጎበዝ፣ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። ሲሳብ የሚችለው ኃይል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህን መለካት ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ድንጋይን እንደ ገመድ ሁለት ጫፉን ይዘን ብንጎትተው መያዣው ጋ ይሰበርና ልኬቱ ከንቱ ይሆናል። መላውን ያገኘው ሰው የሚገርመው ስለ ድንጋይ እያሰበ አልነበረም። ስለ አንዲት ቤተክርስቲያን እንጂ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። በወቅቱ ብራዚልን ይመሩ በነበሩት በጌቱሊዮ ቫርጋስ ስም ለሚጠራ ሰፊ ጎዳና ሲባል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ይፈርሳሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራችው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያንም መንገዱ ላይ ቆማለች። “ከምናፈርሳት ለምን አናንከባልላትም?” የሚል ሐሳብ መጣ። ሌላ አገር ሕንፃ በብረት ሲሊንደሮች ላይ ተንከባሎ ያውቃል። ዓለም ግን ጦርነት ላይ ነበረችና ብረት እንደልብ አይገኝም። በኮንክሪት ቢሆንስ ተባለ።

መሐንዲሱ ፈርናንዶ ሎቦ ካርኔሮ የኮንክሪት ሲሊንደር አጋድሞ ከላይና ከታች በማሽን ጨመቀው። ሲሊንደሩ መሐል ለመሐል፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለምን? ከላይ ሲጫኑት ጎኑ ወደ ውጭ መለጠጥ ይፈልጋል፤ መሐሉ እንግዲህ ግራና ቀኝ ይሳባል። በመጨመቅ መጎተት ተቻለ ማለት ነው! ካርኔሮ ግኝቱን በ1943 አቀረበ። በዚያው ዓመት አካዛዋ የተባለ ጃፓናዊም ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር።

ዘዴው ዛሬ “የብራዚል ሙከራ” ይባላል። በዓለት ላቦራቶሪ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት፣ የዚያን ግማሽ ያህል ውፍረት ያለው ክብ ድንጋይ ተቆርጦ ይጨመቃል። በ20 ኪሎ ኒውተን ቢሰነጠቅ፣ የመሳብ ጥንካሬው 8.7 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ቆይቶም ሌላ ጥያቄ መጣ፦ አስቀድሞ ስንጥቅ ያለበት ዓለትስ? ዓለም አቀፉ የዓለት ሜካኒክስ ማኅበር በ1995 ባወጣው ዘዴ፣ ያው ክብ ድንጋይ መሐሉ ላይ ሆን ተብሎ በመጋዝ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እንዳያድግ ምን ያህል እንደሚታገል ይለካል። ዋሻ ለሚቆፍርና ገደል ሥር መንገድ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቤተክርስቲያኗስ? አልተንከባለለችም። ፈረሰች። ጎዳናውም በ1944 ተመረቀ።

ሙከራ ማለት ትንሹን ሰብሮ ትልቁን ማትረፍ ነው ብለን እናምናለን። ሪዮ ላይ ግን ትንሹም ተሰበረ፣ ትልቁም ፈረሰ። ሲሊንደሩ የነገረንን ሰምተን ብዙ ዋሻ ቆፍረናል፤ እሷን ግን የሚመልሳት የለም። ቀጥሎ አንድ አሮጌ ሕንፃ መንገድ ላይ ቆሞ ስናይ፣ ከቡልዶዘሩ በፊት መሐንዲሱ ይጠራ እንላለን። እናንተስ?