ቀለበቱ የማን ነበር?

ነገሩ የተጀመረው ከሠርግ መልስ ነው። እኔና ባለቤቴ በምንኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የወዳጃችንን ልጅ ድረን ወደ ቤት እየነዳሁ ሳለ፣ ባለቤቴ ግራ እጇን ወደ መብራቱ ዘረጋች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳም ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

"ይኼን ድንጋይ እንግዲህ ያለ መነጽር ማየት አቃተኝ" አለች።

ሃያ አራት ዓመት አብራችሁ የኖረች ሚስት እንዲህ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። አብረውን በተቀመጡት ሴቶች ጣት ላይ ሲያብረቀርቅ ያመሸውን እኔም አይቼዋለሁ። በዚህ አገር ትዳር ዕድሜ ሲጠግብ፣ ኑሮም ትንሽ ሲቃና፣ የቀለበቱን አልማዝ በትልቅ መለወጥ ልማድ ሆኗል። "አፕግሬድ" ይሉታል፤ ልክ ስልክና ኮምፒውተር እንደሚለወጠው ማለት ነው። የእኛም ሰው ለምዶታል።

"ቅዳሜ እንሂዳ" አልኳት። አፌ እሺ ቢልም ሆዴ ፈርቶ ነበር። ለምን እንደፈራ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የጌጣጌጥ ሱቁ ሻጭ ትሁት ሰው ነበር። ወንበር ሰጠን፣ ውሃ አቀረበልን፣ ከዚያም ትምህርት ጀመረ። አልማዝ የሚመዘነው በአራት ነገር ነው አለ፤ በአቆራረጡ፣ በቀለሙ፣ በጥራቱና በካራቱ። (እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ የወርቅ ካራት የንጥረቱ መጠን ሲሆን የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው።) የእኛ ሩብ ካራት ነው። ሰውዬው እነሱ ዘንድ የተገዛ ቢሆን ኖሮ በተገዛበት ዋጋ መልሰው ይቀበሉን እንደነበር ነገረን፤ ታዲያ አዲሱ የአሮጌውን እጥፍ የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ ስለተገዛ ግን 120 ዶላር ሊሰጠን ይችላል፤ እሱም በአብዛኛው ለወርቁ ነው።

"ድንጋዩስ?" አለች ባለቤቴ።

"ለትንሽ ድንጋይ ገዢ የለም" አላት በትሕትና።

ባለቤቴ ደነገጠች። እናቷ በክፉ ቀን የጆሮ ጉትቻቸውን አውጥተው፣ ፒያሳ ወስደው፣ በግራም አስመዝነው፣ የሠሪው የእጅ ዋጋ ብቻ ተቀንሶባቸው ልጆቻቸውን እንዳበሉበት ታውቃለች። ለእሷ ጌጥ ማለት ጣት ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። እንኳን ወርቁ፣ የማርያ ቴሬዛ ብርም ለአንጥረኛ ተሰጥቶ መስቀልና አምባር ይሆናል፤ ቀን ሲከፋ ተመልሶ ብር ይሆናል። ዘላለማዊ ነው ሲባል የኖረው አልማዝ ከወርቁ ሥር መገኘቱ እንዴት ሊገባት ይችላል?

ሻጩ ቀለበቱን ለመጨረሻ ጊዜ በአጉሊ መነጽሩ ሲያይ በውስጠኛው ጎን ቆም አለ። "እዚህ ጋ ጽሕፈት ነበረ፤ ተፍቋል። የእናንተ ነበር?" አለ።

እኔም እሷም አልመለስንለትም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ "የማን ነበር?"

በማግስቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሰው ሲጨንቀው ጠጅ ቤት ይሄዳል፤ እኔ መጽሐፍ ፍለጋ እሄዳለሁ። ያነበብኩትን እንደሚከተለው ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ስሙን ብናውቀውም ድንጋዩን አናውቀውም። በየሰፈራችን አልማዝ የምትባል እኅት፣ አክስት ወይም የጡት እናት የሌለችው ሰው ጥቂት ነው። ከሰየሟት ወላጆች ግን አልማዝ በዓይኑ ያየ መኖሩ ያጠራጥራል። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ዓረቦቹም ያገኙት "አዳማስ" ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ "የማይበገር" ማለት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ዓለም አልማዝን የሚያውቀው ከህንድ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብራዚል ተጨመረች። በዚያ ዘመን አልማዝ የነገሥታት እንጂ የሙሽሮች አልነበረም። የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1477 ለቡርጎኝዋ ማርያም የአልማዝ ቀለበት አሰረላት ይባላል፤ እሱም ቢሆን መስፍን ነው።

ነገሩን የለወጠችው አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ በደቡብ አፍሪካ፣ በኦሬንጅ ወንዝ አጠገብ፣ አንድ የገበሬ ልጅ ሲጫወትበት የነበረው ድንጋይ 21 ካራት ከሩብ የሚመዝን አልማዝ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የግሪኳ ተወላጅ እረኛ ከ83 ካራት በላይ የሆነ ድንጋይ አግኝቶ በ500 በግ፣ በ10 በሬና በአንድ ፈረስ ሸጠው። ለእረኛ ትልቅ ሀብት ነው። የገዛው ሰው ግን ከ11 ሺህ ፓውንድ በላይ ሸጦታል። ከዚያ ወዲህ ሰው እንደ አንበጣ ወረደ። ዴ ቢር የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች ሁከቱ ቢያስቸግራቸው እርሻቸውን እ.ኤ.አ. በ1871 ሸጠው ሄዱ። ከአልማዙ እነሱ የተረፋቸው ነገር ቢኖር ስማቸው ነው። ኪምበርሌይ ላይ እስከ 1914 ድረስ በዶማና በአካፋ የተቆፈረው ጉድጓድ 240 ሜትር ያህል ዘልቆ፣ 2,700 ኪሎ ያህል አልማዝ ተዛቀበት።

የቆፈሩት እነማን እንደሆኑ መገመት ቀላል ነው። ጥቁሮቹ ሠራተኞች ውላቸው እስኪያልቅ ድረስ በአጥር ግቢ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ድንጋይ ውጠው እንዳይሆን እየተባለ ለቀናት ራቁታቸውን ተገልለው፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየተሰጣቸው ይፈተሹ ነበር። ሙሽሪት እጇን ስትዘረጋ ይህ አይታያትም፤ እኔም ቀለበቱን ስገዛ አልታየኝም።

የአልማዝ ትልቁ ችግር ግን መብዛቱ ነበር። ብዙ ከሆነ ይረክሳል። እንግሊዛዊው ሴሲል ሮድስ ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1888 ማዕድኖቹን ጠቅልሎ ዴ ቢርስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከእሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1929 የድርጅቱ ሊቀ መንበር የሆነው ኧርነስት ኦፐንሃይመር ደግሞ የዓለምን አልማዝ በአብዛኛው ለንደን ውስጥ በአንድ በር አስወጣ። ገበያው ሲሞቅ ይለቃሉ፤ ሲቀዘቅዝ መጋዘን ይቆልፋሉ። የእኛ አገር እህል ነጋዴ ይህን ስልት ለማወቅ ለንደን መሄድ አላስፈለገውም።

በዚህ መካከል የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1938 የኧርነስት ልጅ ሃሪ ኒውዮርክ ሄዶ ኤን. ደብልዩ. አየር ከተባለ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተነጋገረ። እነሱም ያጠኑት አልማዙን ሳይሆን ሰውን ነው። የፊልም ኮከቦች ጣት ላይ ምን እንዳለ ለጋዜጦች ዜና አቀበሉ፤ ስለ ቀለበት ንግግር የሚያደርጉ ሰዎችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍራንሰስ ጌሬቲ የተባለች የድርጅቱ ጸሐፊ "አልማዝ ዘላለማዊ ነው" የሚለውን ቃል ጻፈች። የሚገርመው፣ ዓለምን በቀለበት ያሳሰረችው ይህች ሴት ራሷ ሳታገባ ነው የሞተችው።

ያ ቃል ስለ ፍቅር ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። እኔ ግን ከሱቁ መልስ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ዘላለማዊ ማለት አይሸጥም ማለት ነው። በሴቶች ጣት ላይ ያለው አልማዝ በሙሉ ወደ ገበያ ቢወጣ መጋዘን መቆለፍ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ሚስት ቀለበቷን እንዳትሸጥ፣ ባልም ሌላ ሰው ያደረገውን እንዳይገዛ መንፈሱ መለወጥ ነበረበት። ኤድዋርድ ጄይ ኤፕስታይን የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1982 "አትላንቲክ" መጽሔት ላይ አልማዝ ለመሸጥ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ፤ በትዳር መካከል ወደሚገዛው ቀለበት። ለእሱ ምክንያት የሆነችው ሳይቤሪያ ናት ብል አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1955 የሶቪየት የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በያኩቲያ በረዶ ውስጥ "ሚር" የተባለውን የአልማዝ ማዕድን አገኙ። ያገኙት ሰዎች ወሬው እንዳይወጣ የላኩት ቴሌግራም "የሰላም ፒፓ እያጨስን ነው፤ ትንባሆው ግሩም ነው" የሚል ነበር። ሶቪየቶቹ በአደባባይ አፓርታይድን እያወገዙ ድንጋያቸውን በስውር ለዴ ቢርስ ይሸጡ ጀመር። የካፒታሊስቱና የሶሻሊስቱ እጅ ስንት ቦታ በጨለማ እንደተጨባበጠ ታሪክ ገና ብዙ ይነግረናል።

ነገር ግን ድንጋዮቹ ጥቃቅን ነበሩ። ሰው ደግሞ ለዓመታት ትልቅ ድንጋይ ትልቅ ፍቅር ነው ተብሎ ተምሯል። ምን ይደረግ? እስከ 25 የሚደርሱ ደቃቅ አልማዞች ዙሪያውን የተሰኩበት "የዘላለም ቀለበት" ተፈለሰፈ፤ የታሰበውም ለሙሽራ ሳይሆን ከተጋባች ብዙ ዓመት ለሆናት ሚስት ነው። ባል ፍቅሩን እንዲያድስ ተነገረው። በአሜሪካ የሚሸጠው አልማዝ አማካይ መጠን እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ ካራት የነበረው በ1976 ወደ 0.28 ወረደ። እንግዲህ የእኔ ሩብ ካራት ያፈርኩባትን ያህል አታሳፍርም፤ የዘመኗ ልጅ ናት። ቀጥሎም በ1980ዎቹ ለአሥረኛው ዓመት የሚሆን ቀለበት መጣ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን የሚያመለክት ባለ ሦስት ድንጋይ። አንድ ጊዜ የተሸጠለት ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ እንዲገዛ በር ተከፈተለት። ለዚህ ነው ሱቁ አሮጌውን የሚቀበለው እጥፉን ስትገዛ ብቻ የሆነው።

ሁሉንም ክፉ ነው ብዬ ልጨርሰው አልችልም። ቦትስዋና ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ፤ መንግሥቷም ከዴ ቢርስ ጋር እኩል ባለ ድርሻ ሆኖ በገንዘቡ መንገድና ትምህርት ቤት ሠርቷል። በሴራሊዮን ጦርነት ደግሞ ያው ድንጋይ ጠመንጃ ገዝቷል። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው አልማዝ በዓይን ከማይለይበት ደረጃ ደርሶ ዋጋው እያሽቆለቆለ ነው። ዴ ቢርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 የፋብሪካውን ድንጋይ በ800 ዶላር አንድ ካራት መሸጥ ሲጀምር ጉድ ተብሏል።

ይህን ሁሉ አንድ ምሽት ቡና ላይ ለባለቤቴ ተረክኩላት። ሮድስን፣ ሳይቤሪያን፣ እረኛውን፣ ሁሉንም። ፀጥ ብላ ሰማችኝና ሲኒዋን አስቀመጠች።

"ይኼን ሁሉ ያነበብከው አንድ ነገር ላለመናገር ነው" አለች።

እውነቷን ነው። ያኔ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ከማልፍባቸው ሱቆች አንዱ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ነበር። ቀለበቱ መስኮቱ ላይ ነበር። አንዱ ቸግሮት አስይዞት፣ መመለሻ አጥቶ የቀረ። ሰውዬው የውስጡን ጽሕፈት በ10 ዶላር ፋቀልኝና 280 ዶላር ከፈልኩ። ለእሷ ግን አዲስ ነው፣ 900 ነው አልኳት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ያሰረውን ቀለበት ለሌላ ሴት ማሰር ገዱ የከፋ መስሎኝ ነበር። ይህን እምነት ከየት እንዳገኘሁት አሁን በመጠኑ አውቃለሁ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የደበቅኳት ገንዘቡን ስለሆነ አልነበረም። "ያቺ ሴትዮ ስታስይዘው ምን ገጥሟት ይሆን እያልኩ ነው" አለችኝ በሦስተኛው ቀን፤ እናቷ ጉትቻቸውን የሸጡ ዕለት ማታ ጆሯቸውን በነጠላ ሸፍነው እንደነበረም ነገረችኝ። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሌላ ወርቅ ሠሪ ሄድን። ድንጋዩን አልለወጠችም። ጣቷ በዕድሜ ስለወፈረ ቀለበቱ አንጓዋን አላልፍ ብሎ ያስቸግራት ነበርና እንዲሰፋላት ጠየቀች። ሠሪው ሲያሰፋ ውስጡንም አብሮ እንደሚያጸዳው፣ እንደ አዲስ እንደሚሆን ነገራት።

"የተፋቀበትን ቦታ አትንካው" አለችው።

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔም ወለሉን አየሁ። 65 ዶላር ከፍለን ደረሰኙን ይዘን ወጣን።