ምስጢርና ትውስታ፦ የኮምፒውተር የይለፍ ቃል አጭር ታሪክ



የይለፍ ቃል ከኮምፒውተር በፊት የዘብ ቃል ነበር፤ በሌሊት ወደ ጦር ሰፈር የተጠጋ ሰው የዕለቱን ቃል ካልተናገረ አያልፍም። ወደ ኮምፒውተር የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ፈርናንዶ ኮርባቶ የመራው ቡድን አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች የሚጋሩበትን ሥርዓት ሲሠራ፣ የእያንዳንዱ ፋይል ከሌላው እንዲጠበቅ ለየሰዉ ቃል ተሰጠ። ይሁንና ቃላቱ ሁሉ ሳይመሰጠሩ በአንድ ፋይል ተከማችተው ነበር። በ1966 ያ ፋይል በስሕተት ከዕለቱ ማስታወቂያ ጋር ተለዋወጠና፣ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሁሉ የባልደረቦቹን ምስጢር በግልጽ ተጽፎ አገኘው።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ቁም ነገር፣ ተጠቃሚው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አከማቹ ከተዘናጋ ጥበቃው ከንቱ መሆኑን ነው።

በ1979 የቤል ላቦራቶሪዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ሌላኛውን ገጽታ አሳዩ። ከመረመሯቸው 3,289 ቃላት 86 በመቶ ያህሉ እጅግ አጭር ወይም ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር የሚገኙ ነበሩ። ቃሉ ራሱ ሳይሆን ወደ ኋላ የማይፈታ ምስጥሩ ብቻ እንዲቀመጥ፣ በላዩም «ጨው» የተባለ የዘፈቀደ ቁጥር እንዲታከልበት የሚያደርገውን ዘዴም አብራሩ። ዳሩ ግን ማስጠንቀቂያቸውን ሁሉም አልሰማም። በኖቬምበር 1988 የዚያው የሞሪስ ልጅ የለቀቀው «ትል» በኢንተርኔት ላይ ሲዛመት፣ ከመንገዶቹ አንዱ 432 ቃላት ባሉት ዝርዝር የሰዎችን ምስጢር መገመት ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያወጣው መመሪያ ቁጥርና ምልክት መቀላቀልን፣ ቃሉንም በየጊዜው መለወጥን አስለመደ። ሰዉ ግን መጨረሻው ላይ «1» ጨምሮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «2» አድርጎ አለፈው። በ2017 ተቋሙ ምክሩን ሻረ፤ የመመሪያው ጸሐፊ ቢል በርም በይፋ ተጸጸተ።

እንግዲህ የታሪኩ ፍርድ ይህ ነው፦ ለዓመታት «ሰነፍ» የተባለው ተጠቃሚ፣ በእርግጥ የተጠየቀው ከሰው ትውስታ በላይ ነበር። ስለዚህ ቃላችሁ ረጅም ይሁን፤ እርስ በርስ የማይዛመዱ አራት ወይም አምስት ቃላት በዘፈቀደ ተመርጠው ቢቀጣጠሉ፣ ከልጅ ስምና ከትውልድ ዓመት እጅግ ይበልጣሉ። ለአንዱ በር የሰጣችሁትን ቁልፍም ለሌላው አትድገሙት።