ስለ ጎርጎርዮሳዊ ዜማ ስምና ምንጭ

በስዊስ አገር በዛንክት ጋለን ገዳም፣ ሃርትከር የተባለ መነኩሴ በ1000 ዓ.ም. ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጻፈው የዜማ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ተቀምጦ፣ ርግብ በጆሮው ስትነግረው፣ የሰማውንም ጸሐፊው ሲጽፍ ያሳያል። የላቲን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ዜማ ጎርጎርዮሳዊ የተባለው በዚህ ትውፊት ነው።

ሥዕሉ ግን ከዘመኑ ጋር አይስማማም። ጎርጎርዮስ በመንበሩ የቈየው ከ590 እስከ 604 ነው፤ በ636 የሞተው የሴቪልያው ጳጳስ ኢሲዶሮስ ግን ድምፅ ስለማይጻፍ በልብ ካልተያዘ ይጠፋል ብሎ ያስተምር ነበር። የዓመቱን መዝሙር ከነምልክቱ የያዙት መጻሕፍት የሚገኙት ከ900 ገደማ ወዲህ ነው።

የነገሩ መነሻ መንግሥት ነው። ፔፒን በ751 የፍራንካውያንን ዙፋን ከቀደመው ነገድ ወስዶ ስለ ነበር የሮማ ቡራኬ ያስፈልገው ነበር፤ ጳጳሱ እስጢፋኖስ 2ኛም በ754 ወደ አገሩ መጥቶ ቀባው። ፔፒን የአገሩን ሥርዐተ አምልኮ በሮማው እንዲተካ አዘዘ፤ የሜትስ ጳጳስ ክሮዴጋንግም የሮማን ዜማ ለካህናቱ አስተማረ። ልጁ ሻርለማኝ በ789 ትእዛዙን ለካህናት ሁሉ አጸናው። ሆኖም መጻሕፍቱ የያዙት ቃሉን ብቻ ነበርና ዜማው ከአፍ ወደ አፍ መሻገር ነበረበት። በ800 ገደማ የጎርጎርዮስ ስም በመጻሕፍቱ መግቢያ ላይ መታየት ጀመረ፤ ለእንግዳ ዜማ ከዚህ የሚበልጥ ዋስ አይገኝለትም ነበር።

በ875 ገደማ ሮማዊው ዮሐንስ ዲያቆን የጎርጎርዮስን ገድል ሲጽፍ፣ በመጠጥ የሻከረው የፍራንካውያን ጕሮሮ የዜማውን ጣዕም አበላሸው ይላል። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የዛንክት ጋለኑ ኖትከር ጥፋቱን ወደ ሮማ ይመልሳል፤ ከዚያ የተላኩ ዐሥራ ሁለት መዘምራን በቅናት ተማክረው እያንዳንዳቸው የተለያየ ዜማ አስተማሩ ይላል። ከስድቡ ይልቅ ሁለቱ ጠበኞች ሳያውቁት የተስማሙበት ነገር ይጠቅመናል፤ ዜማው በመንገድ ተለውጧል።

በ1071 በሮማ በቅድስት ሴሲሊያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ መጽሐፍ ይህንኑ ያጸናል። የመዝሙሩ ቃል በአመዛኙ ከፍራንካውያን ጋር አንድ ሲሆን ዜማው ይለያል። ሊቃውንት አንዳንዶቹ የለወጡት ፍራንካውያን ናቸው ይላሉ፤ ሌሎችም የሮማው ራሱ ሳይጻፍ ሦስት መቶ ዓመት በመቈየቱ ተለወጠ ይላሉ። በቃል የሚኖር ዜማ በየትም ባለበት አይቆምምና ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

የጥንቱ ምልክት የድምፁን አወጣጥና አወራረድ ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳል እንጂ ለማያውቅ አያስተምርም ነበር። በ1030 ገደማ የአሬዞው ጊዶ ምልክቱን በመስመር ላይ አስቀመጠ፤ ዐሥር ዓመት የማይበቃውን ትምህርት በአንድ፣ ቢበዛም በሁለት ዓመት እንደሚፈጽም ተናገረ። ጳጳሱ ዮሐንስ 19ኛ ሮማ ጠርቶት፣ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ስንኝ ከመጽሐፉ አይቶ ዘመረ።

በ13ኛው ምዕት ዓመት የሮማ የራሷ ዜማ ከአገልግሎት ወጣ። በ1403 የሞተው የቶንግረኑ ራዱልፍ እንደ ጻፈው፣ ጳጳሱ ኒቆላዎስ 3ኛ (1277–1280) የከተማይቱን አሮጌ መጻሕፍት አስወግዶ በአዲሶች ተካቸው። ሮማም ፍራንካውያን የለወጡትን ዜማ በራሷ ጳጳስ ስም ተቀበለችው።