ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም

በወረታ ገበያ «ደስታ!» ብለህ ብትጣራ ወንዱም ሴቷም ዘወር ይሉልሃል። አማርኛችን በግሥ ሲሰይም ታደሰና ታደሰች ብሎ ይለያል፤ ደስታን፣ ብርሃንን፣ ጽጌን ግን ለሁለቱም ያካፍላል። ራስ ደስታ ዳምጠው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ ስማቸው ለሴትም መሆኑ ከጀግንነታቸው አንዳች አላጐደለም።

የክርስትና ስም ይልቁን ፆታን ይለያል፤ ወንዱ በአርባ ቀኑ ወልደ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ወለተ ይባላሉና። ከፎገራ ሜዳ በስተ ደቡብ፣ በጣና ዳር በቋራጣ ገዳም የምትዘከረው ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) የሐዋርያውን ስም ይዛ የንጉሥ ሱስንዮስን ካቶሊክነት ተቃወመች።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ፈረንጅ ከልጁ ስም ቀጥሎ የወደደውን ሁለተኛ ስም ይጨምራል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚቀጥለው አባት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ስም ይኑር ቢልም ሕዝቡ አልተከተለውም። ስለዚህ ሁለቱን ስም አጋጥመህ ጥራቸው፤ ደስታ ብርሃኑ ያምራል፤ ደስታ ይበቃል ግን የልቅሶ ቤት ዐዋጅ ይመስላል!

የእናት ስም በመጠሪያችን ውስጥ ቦታ ማጣቱን ግን እኔ አላመሰግነውም። የወለተ ጴጥሮስ እናት ክርስቶስ ዕበያ ትባል እንደ ነበር የምናውቀው፣ ገላውዴዎስ የተባለው መነኵሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገድሏን ሲጽፍ ስላልዘለላት ነው።