የባሕር ውሃ አኳሪየም
የባሕር ውሃ አኳሪየም የባሕር ዓሦችና ኮራሎች በቤት ውስጥ የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ነው። ክሎሪን በሌለው ውሃ ለዚሁ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይበጠበጣል፤ መጠኑ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። 500 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 17.5 ኪሎግራም ጨው ያስፈልጋል፤ ውሃው ብቻውን ከ500 ኪሎግራም በላይ ስለሚመዝን መቆሚያው ጠንካራ መሆን አለበት።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች መራባት አለባቸው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

እንደ ዘነበወርቅ ያሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው፣ ውሃ በዚያ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ከሌለ ዓሦቹ በሰዓታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ።