መሬትን የሚጽፉ እጆች፦ ከወንጌል ኅዳግ እስከ መረጃ ቋት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የሥራ ድርሻ ነው። የሥራ መደቦችን ዝርዝር ግን አላነብላችሁም፤ እርሱን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ታገኙታላችሁ። እኔ የመጣሁት ታሪክ ልነግራችሁ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በወረታ ከተማ ከአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ልጠይቅ ወደ ወረታ ወርጄ ነበር። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት ከጉማራ ወንዝ ዳር ያለችውን የሩዝ ማሳቸውን ሊያከራዩ ኖሮ፣ ውሉን ለማስመዝገብ መጥተዋል። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የይዞታ ደብተር ፈትተው ሰጡ። በደብተሩ ላይ የእርሳቸውም የሟች ባላቸውም ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ወጣቷ ሠራተኛ ስማቸውን በኮምፒውተሩ ፈለገች፤ ደግማም ፈለገች። «እናቴ፣ ስምዎ መዝገቡ ላይ የለም» አለቻቸው። እርሳቸውም «ፎቶዬን እያየሽው፣ ልጄ?» አሉ።

ስማቸው ነበረ። በደብተሩ የስማቸው መነሻ በዓይኑ «ዓ» ተጽፏል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የገባው ግን በአልፋው «አ» ነው። ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። እኒያ እናት ያን ዕለት ውሉን ሳያስመዘግቡ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ጥፋቱ የማን ነበር? ይህን ለመመለስ መሬት በዚህ አገር እንዴት ሲጻፍ እንደኖረ ማየት ያስፈልጋል።

በጎንደር ዘመነ መንግሥት የርስትና የጉልት ነገር በአብያተ ክርስቲያናት የወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። ስጦታው፣ ሽያጩና ውርሱ ሁሉ ከቅዱሱ ቃል አጠገብ ሰፍሯል። እነዚህን ጽሑፎች ልብ ብሎ ለሚያነብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ሥራው የአንድ ሰው አልነበረም። ቃሉን የሚያሰፍረው ጸሐፊው ነው። ስማቸው በዝርዝር የተጠራ እማኞች አሉ። መጽሐፉን በዕቃ ቤት የሚጠብቅ ገበዝ አለ። ውሉን በሚያፈርስ ላይ ደግሞ ግዝት ተጽፏል። ጸሐፊው ቢሳሳት እማኙ ያርማል፤ እማኙ ቢሞት መጽሐፉ ይመሰክራል። ኃላፊነት ተከፋፍሎ ስለነበር መዝገቡ ታመነ።

በኋላ ዘመን መንግሥት በሌሎች ክፍላተ ሀገር መሬትን በቀላድ እየለካ ሲመዘግብ፣ የበጌምድርና የጎጃም ርስት በአመዛኙ ሳይለካ ቆየ። እዚህ የመሬት መዝገቡ የሽማግሌዎች ትውስታና የዘር ሐረግ ቆጠራ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ፣ ዝርዝሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ተዛወረ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ተደለደለ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 46/1992 ወጣ፤ ተከትሎም በገመድ እየተለካ፣ ጎረቤት በአዋሳኝነት እየተጠራ፣ ለባልና ለሚስት በጋራ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ቆይቶም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተካ።

በፎገራ ሜዳ ይህ ደብተር የተለየ ክብደት አለው። ሜዳው በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች የሩዝ ሙከራ ከጀመሩ በኋላ፣ በተለይም ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ከተለመደ ወዲህ፣ ማንም የማይፈልገው ረግረግ ሁሉም የሚመኘው ማሳ ሆነ። ርብና ጉማራ ደግሞ ከደጋው አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ሲሞሉ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላሉ፣ ድንበርንም በደለል ይሸፍናሉ። ጎርፍ የድንበር ምልክትን ሲያጠፋ የሚቀረው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ ከተሳሳተ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋጫል፤ በመሬት ድንበር ምክንያት ደም እንደሚፈስ ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። የእኔ ትውልድ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ በሚጠቀምበት ዘመን ነው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ያ ችግር መፍትሔ አገኘ፤ ለሃሌታው «ሀ»፣ ለሐመሩ «ሐ»ና ለብዙኃኑ «ኀ» ግን የተለያየ ቁጥር ተሰጣቸው። ይህም ተገቢ ነበር፤ የግእዝ መጻሕፍት ልዩነቱን ይፈልጉታልና። ሆኖም በአማርኛ የሰውን ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገው ነበር።

ይህን የምለው ከጥፋቱ ነፃ ሆኜ አይደለም። በወጣትነቴ ለአንድ ተቋም የስም መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ተንታኙም፣ ጸሐፊውም፣ ፈታሹም እኔው ነበርሁ። አንድ ሰው በሁለት ፊደል ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ሥርዓቱ ዝም አለ፤ የሚያርመኝ እማኝ አልነበረኝምና ለረጅም ጊዜ አላወቅሁትም።

እንግዲህ የእኒያን እናት ነገር ድርሻ በድርሻ እንመልከት። የሥርዓት ተንታኝ ሥራ ከኮምፒውተሩ በፊት ሰዎችን መጠየቅ ነው፤ ከመዝገብ ጸሐፊውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሰው ስሙን በተለያየ ፊደል እንደሚጽፍ ይሰማ ነበር። ፕሮግራመሩ ያንን ሰምቶ ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ አንድ የሚያደርግ ጥቂት መስመር መጻፍ ነበረበት። የመረጃ ቋት አስተዳዳሪው መዝገቡ በስም ብቻ ሳይሆን በማሳ መለያ ቁጥር እንዲገኝ የማድረግ፣ ቅጂውንም በሌላ ስፍራ የማስቀመጥ ኃላፊነት አለበት፤ እርሱ የዘመናችን ገበዝ ነው። ፈታሹ ሥርዓቱ ሥራ ላይ ሳይውል «ዓለሙ»ንም «አለሙ»ንም ጽፎ መሞከር ነበረበት። ኢንኮደሯ ከደብተሩ ያየችውን ፊደል እንዳለ መገልበጥ ነበረባት። የኔትወርክ ባለሙያው መስመሩን ይጠብቃል፤ የድጋፍ ሰጪው ቴክኒሻን ደግሞ ባለጉዳዩ የሚያገኘው የመጨረሻው ሰው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምትወቀሰው ማን ናት? ኢንኮደሯ። ደመወዟ ዝቅተኛ፣ ውሏ ጊዜያዊ፣ ከፊቷ የተከመረው የእጅ ጽሑፍ የደበዘዘ ነው። ከእርሷ በላይ ያሉት አራት ሙያተኞች በሥራቸው ቢገኙ ኖሮ የእርሷ አንድ ፊደል ማንንም ባልጎዳ ነበር።

በብዙ ወረዳዎቻችን ያየሁት ደግሞ እነዚህ ሁሉ ድርሻዎች «የኢኮቴ ባለሙያ» በተባለ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መውደቃቸውን ነው። ጠዋት ማተሚያ ይጠግናል፤ ረፋድ ላይ የወረዳ ኔት የቪዲዮ ስብሰባ ያገናኛል፤ ከሰዓት ቫይረስ ያጸዳል። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ሃርድዌርና ኔትወርክ ከመረጃ ቋት አስተዳደር ተለይቶ ደረጃ ወጥቶለት የብቃት ምዘና ይሰጥበታል። በትምህርት የለየነውን በቅጥር መልሰን እንቀላቅለዋለን። በጀት ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ቢያንስ ግን መዝገቡን የሚያስገባውና መዝገቡን የሚያረጋግጠው አንድ ሰው መሆን የለበትም።

በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ምዝገባ መልካም ጅምር አይተናል። ማሳው ከአየር በተነሣ ምስል ላይ ይሰመራል፣ አዋሳኞች በቦታው ቆመው ይመሰክራሉ፣ ካርታውና የስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ስሕተት ያለው ሰው ያመለክታል። እማኙ ወደ መዝገቡ ተመልሷል ማለት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው መዝገቡን ዕለት ዕለት የሚያድስ ባለሙያ ነው፤ ሰው ይሞታል፣ ይወርሳል፣ ይፋታል፣ ወንዝም አቅጣጫ ይለውጣል።

እኒያ እናት በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ወጣቷ ሠራተኛ ስማቸውን በሁለቱም ፊደል መፈለግ እንዳለባት በራሷ ደርሳበት ቆየቻቸው፤ ውሉም ተመዘገበ። በማስታወሻዋ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ» ብላ ጽፋ አየሁ። ማንም ሳይሾማት የተንታኙንም የፈታሹንም ሥራ ሠርታለች። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ በየትኛውም የሥራ መደብ ብትቀጠሩ፣ ድርሻችሁ የት ላይ እንደሚያበቃ ብቻ ሳይሆን ስትጓደሉ ማን ከመስኮት እንደሚመለስ ዕወቁ።